በጾም አመካኝቼ የተውኩት ወጥ

ሸረሪቱ ጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በነጭ ሽንኩርትና በጨው የተጠበሰ ነው፤ እግሩ እንደ ቆሎ ከሽ ይላል፣ ሆዱ ግን ለስለስ ያለ ነው። ለሥልጠና ካምቦዲያ በገባሁ በአምስተኛው ቀን ከመንገድ ዳር ገበያ ገዝቼ፣ አብረውኝ የሚሠለጥኑት እየሳቁ ፎቶ ሲያነሱኝ ሁለት በላሁ። ቀጥዬ የሐር ትል ቀመስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ከበሬ ሥጋ ጋር የተጠበሰ ቀይ ጉንዳን። ያን ጊዜ ጾም ላይ ነበርኩ።

ጾሙ ጽጌ ነው፤ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ብተወው የሚቆጣኝ ቄስ የለም። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ ከመነሳቴ በፊት ይጁቤ ወርጄ እናቴን ስሰናበት፣ "ያ አውሮፕላን በሰላም እንዲመልስሽ ጽጌን አብረን እንጹመው" ብላኝ እሺ ብያት ነበር። እሷ ጨጓራዋን ታማለች፤ ሐኪሙም ጾሙን ቀነስ አድርጊ ብሏታል። እኔ ሸረሪት ስቆረጥም እሷ ይጁቤ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏን ሳታሟሽ ትውል ነበር።

ያም ሆኖ የሸረሪቱ ኃጢአት ቀላሉ ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ስግደት ሰጥተውኛል፤ ሰግጄም ጨርሻለሁ። ያልጨረስኩት ሌላ ነው።

እኔ የምግብ ሳይንስ መምህርት ነኝ። ወደዚያ የተላክሁትም ምግብን በባህላዊ መንገድ አብላልቶ ስለማቆየት ለሦስት ሳምንት ልሠለጥን ነው። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ የአገሩ ልጅ፣ ሙታናቸውን በሚያስቡበት በዓል እናቷ ዘንድ ወደ ገጠር ወሰደችኝ። ቤቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ጫማችንን አውልቀን በመሰላል ወጣንና ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። እናትየዋ ጸጉራቸውን እንደ እኛ መነኮሳት የተላጩ ቀጭን አሮጊት ናቸው። ያለ ቋንቋ እጄን ይዘው ሲስቁ፣ የቀሯቸው ጥርሶች ከእናቴም ያነሱ መሆናቸውን አየሁ።

ያቀረቡልኝ የአትክልት ወጥ ነው፤ ያልበሰለ ፓፓያ፣ ዱባ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ሩዝ አለበት። ማጣፈጫው ግን ፕራሆክ ይባላል፤ ተቀጥቅጦ በጨው ታሽቶ በጋን ውስጥ የከረመ ዓሣ ነው። ሽታው ገና ከመሰላሉ ጀምሮ ተቀብሎኛል። እኛስ ብንሆን የሰነበተ ቅቤያችን ለማያውቀው እንግዳ ምን እንደሚሸተው መች እንጠይቃለን? ክፍል ውስጥ "ሽታ የልማድ ጉዳይ ነው" እያልኩ የማስተምር ሴት፣ ሳህኑ ፊቴ ሲቀመጥ ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ።

"ጾም ላይ ነኝ፤ ዓሣ አይፈቀድልኝም" አልኳት ልጅቱን።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጾም ቀን ዓሣ አዝዤ ስንት ጊዜ እንደበላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ሁሉ ሸረሪት በገባበት ሆድ ጾም የሚባል ነገር አልቀረም ነበር።

ልጅቱ ተርጉማ ስትነግራቸው አሮጊቷ ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመው ዝቅ አሉልኝ። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔን! ሳህኑን በሁለት እጃቸው አነሱት፤ የልጃቸውንም ከፊቷ አነሱባት። ከዚያ ነጭ ሩዝና ሙዝ አመጡና፣ ብቻዬን እንዳልጾም ብለው እሳቸውም ያንኑ ደረቅ ሩዝ አብረውኝ በሉ።

ስንመለስ ልጅቱ፣ ልትወቅሰኝ ሳይሆን እንዲያው በጨዋታ፣ "ወጡ የወንድሜ ነው" አለችኝ። "አምና ሞተብን። እሱ በጣም ይወደው ስለነበር፣ ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ ትብላለት ብላ እናቴ ከትናንት ጀምሮ ስትደክም ነው የዋለችው። ግን ጾምሽን ማክበርሽ ደስ ብሏታል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አሁን ተመልሰን እንብላው ማለት እችል ነበር፤ መንገዱ ሩቅ አልነበረም። እኔ ግን አመስግኛት መንገዴን ቀጠልኩ። ይባስ ብሎ ማታ እናቴ ደውላ "ምን በላሽ?" ስትለኝ፣ "ዓሣ ቢያቀርቡልኝ ለጾሙ ብዬ እምቢ አልኩ" አልኳት። በስልኩ እልል አለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። ከተመለስኩ በኋላ የእናቴ የማርያም ጽዋ ተራ ደርሶ ይጁቤ ወረድኩ። ለማኅበርተኞቹ ሴቶች ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እንደቀረበ፣ እናቴ ተነሥታ "ልጄ ሸረሪት በሚበላበት አገር ሄዳ፣ ዓሣ ቢያቀርቡላት ማርያምን አስባ እምቢ አለች" ብላ ተናገረች። ሴቶቹ እሰይ አሉ፤ አንዷ ባልቴት ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም ዳቦዬን አስቀምጬ ጠላ ለመቅዳት ተነሣሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ብርጭቆ እያጠብን ሁሉንም ነገርኳት። ሸረሪቱ ላይ ስደርስ "እፍፍ!" ብላ ፊቷን አዞረች። ወጡ ላይ ስደርስ እጇን ከውሃው አወጣች።

"ለሙት የተሠራ ነበር?"

"አዎ እማዬ። ያኔ አላወቅኩም።"

"ከነገረችሽ በኋላስ ነፍስ ይማር አልሽ?"

አላልኩም ነበር። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጁ ማን ይባላል?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"እናቱ ቤት ተቀምጠሽ፣ ሩዟን በልተሽ፣ የልጇን ስም አልጠየቅሽም?" እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "በይ ጠይቂና አምጪልኝ። እኔ ነፍስ ይማር እልለታለሁ።"

የልጅቱ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። በየሳምንቱ ሰላም ትለኛለች፤ አንድ ጊዜም እናቷ "ያቺ ጿሚዋ እንግዳ ደህና ናት?" እንዳሉ ጽፋልኛለች። ስሙን ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ለምን ፈለግሽው ካለችኝ እውነቱን ለመንገር እገደዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ይጁቤ ስደርስ እናቴ ገና ከበር "ስሙን አመጣሽልኝ?" አለችኝ።

"ጠይቄያት ነበር፤ መልስ አልሰጠችኝም" አልኳት።