ጨርቅ የታሰረባቸው ቅርንጫፎች

ጋሼ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ መናኸሪያ ሰፈር ባለው ግቢያችን የበቀለውን የዘይቱን ዛፍ በየዓመቱ ይገርዙ ነበር። መቀሱን ግን ቶሎ አያነሱም። መቆረጥ አለባቸው ባሏቸው ቅርንጫፎች ላይ ከአሮጌ ሸሚዝ የቀደዱትን ጨርቅ ያስሩና ሳምንት ይጠብቃሉ። ሳምንቱ ሲሞላ ሁልጊዜ ከታሰሩት አንዱን ፈትተው ይተዉታል።

አንዴ «ምነው ተዉት?» ስላቸው፣ «እሱን እንኳ ኮፍያዬን ስለጣለብኝ ተናድጄ ነው ያሰርኩት» አሉኝ።

ዘንድሮ ሦስት አስረው፣ ሳምንቱ ሳይሞላ አረፉ። የለቅሶው ድንኳን በተነሳ ማግስት እናቴ መቀሱን ሰጠችኝ።

«ምልክቱን እሳቸው አድርገውልሻል፤ ቁረጪ እንጂ» አለች።

ሦስቱንም ዞሬ አየኋቸው። አንዱን ይምሩት ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አላውቅም። መቀሱን መልሼ ከኮፍያቸው አጠገብ ሰቀልኩት።