የደብሪቱ መንጋጋ

በላሊበላና በዙሪያዋ ደብሪቱ ያልተጠራችበት ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም ነበር። ሙሾ አውራጅ ናት። ያልወለደችውን አልቅሳ፣ ያላወቀችውን አሞግሳ ስንቱን ሸኝታለች። በ1970 ዓ.ም. የራሷ ልጅ አድማሴ በቅዳሜ ገበያ መሀል በጥይት ሲወድቅ ግን አፏን እንዳትከፍት ታዘዘች።

ያዘዛት የቀበሌው ሊቀመንበር ሞላ ነው። የልጇ ደም በሰው ጤፍ ላይ ተረጭቶ ገና ሳይደርቅ፣ በሽጉጡ አፈሙዝ አገጯን ቀና አድርጎ ለፀረ ሕዝብ እንባ እንደማይፈቀድ ነገራት። ከዚያ ከጎኗ የቆመችውን ሴት ልጇን ገለቴን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

"ድምፅሽን ከሰማሁ ይቺም ትከተለዋለች" አላት።

ደብሪቱ ጥርሷን ነከሰች። ሬሳው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ነከሰች፤ ውሻ ሲያሸተው ነከሰች፤ እግሩን ይዘው በድንጋይ ላይ ሲጎትቱት ደም ደም የሚል ምራቋን ውጣ ነከሰች።

ከዚያ ወዲህ መንጋጋዋ አልላቀቅ አለ። ስትነቃ ጆሮ ግንዷን ይወጋታል፤ ስታኝክ ከጆሮዋ ሥር ቋ ይላል፤ እያደር አፏ ሁለት ጣት አላስገባ አለ። ገለቴም ለእናቷ፣ በእንቅልፍ ልቧ ጥርሷን እንደ ወፍጮ እንደምታፋጭ ነገረቻት። ጎረቤት የጥርስ ትል ነው አለ። አንጥረኛው አራጋው ጉልበቱን ደረቷ ላይ አሳርፎ ሁለት የመንጋጋ ጥርስ በጉጠት ነቀለላት። ደማቸውን ጠርጎ ሲያያቸው ነጭና ደህና ናቸው።

"ትሉ አምልጦን ይሆናል፣ እትዬ። የሚቀጥለውን ልሞክረው?"

ደሟን ተፍታበት ወጣች።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አብዱልሀሚድ ግን ጥርሷን አልነካም። የራሷን ጣቶች ጉንጮቿ ላይ አስቀመጠላትና ስለ ዝናቡ ጠየቃት። ሥጋው ልል ነበር። ቀጥሎ ስለ ሞላ ጠየቃት። ከጣቶቿ ሥር ሥጋው እንደ ጡጫ ተቋጠረ።

"አዩት? ጥርስዎ ምንም አልሆነ። ይሄ ጡንቻ ነው፤ እርስዎ ቢተኙም እሱ አይተኛም። ፍርሃትዎን የሚያኝከው እሱ ነው።"

በሞቀ ጨርቅ እንድትይዘው፣ ከንፈሯን ገጥማ ጥርሷን አላቃ እንድትውል መከራት። ከዚያ በሩን ገርመም አድርጎ፣ ቢያለቅሱት ይሻልዎት ነበር፣ እሱን ግን እኔ አላዝልዎትም አላት።

ጨርቁ ትንሽ አሻላት። የሞላ ጫማ በደጇ ባለፈ ቁጥር ግን ጡንቻው ይቋጠራል።

በሦስተኛው ወር የሞላ እናት ሞቱ። ሞላ ሰው ላከባት፤ እናቱ ያለ ደብሪቱ ሙሾ ቢቀበሩ አገር ይስቅበታል። እመጣለሁ አለች። በዚያው ጧት ገለቴን ከኩልመስክ ነጋዴዎች ጋር ወደ አክስቷ ሰደደቻት። ነጋዴዎቹ ገደሉን እስኪዞሩ ቆማ አይታ ወደ ለቅሶው ወረደች።

በአገሩ ልማድ ሰው በሌላው ለቅሶ የራሱን ሙት ማንሳት ይችላል፤ ነውር አይደለም። ደብሪቱ መጀመሪያ ሟቿን አሞገሰች፤ ድምጿ በጥርሶቿ መሀል እየተጨነቀ ይወጣል። ሞላ ጋቢውን አገልድሞ ፊት ለፊቷ ያነባል። ከዚያ ደረቷን መታች። መንጋጋዋ ቋ ብሎ ተላቀቀ።

"እናትማ ሞታ ይለቀስላታል፣
ቅዳሜ ለወደቀው ማን ያለቅስለታል።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሞላም ለአፍታ አብሮ አለቀሰ፤ ኋላ ነው የገባው። ተነሥቶ ዝም በይ አላት። ደገመችው። ከጎኑ ከቆመው ሚሊሺያ ጠመንጃ ነጠቀና በሰደፉ አገጯን አላት። አጥንቱ ሲሰበር ዳር የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

ደብሪቱ አፈር ላይ ተዘረረች። ሙሾው ግን ከእሷ አልፎ በተቀባዮቹ አፍ ገብቷል። መቶ ሴት ደረቷን እየደቃች ታወርደዋለች። ሞላ ሰደፉን እንዳነሣ ዞረ፤ በየትኛዋ ላይ እንደሚያሳርፈው አላወቀም። በገዛ እናቱ ሬሳ ፊት ለቅሶ ይቁም ማለትም አልሆነለት። ገለቴን አምጡ ብሎ ጮኸ፤ ሁለት ሚሊሺያዎች ሽቅብ ወደ ደብሪቱ ቤት ሮጡ።

አብዱልሀሚድ ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ ነጠላ ቀደደ፤ የደብሪቱን አገጭ ከአናቷ ጋር ጠመጠመላት። እሷ አይኗን ከሽቅብ መንገዱ አልነቀለችም።

ሚሊሺያዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሬሳው ገና አልተነሣም፤ ሴቶቹም ሙሾውን አልተዉም ነበር።