ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ያለው ጉድጓድ

አረብ አገር፣ ዳቡቅ በሚባል የሀብታም ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ያሠራችኝ ማዳም ስለ ውሃ ስታወራ ለሰማት ሰው ቅድስት ትመስል ነበር። ባሏ ሳሃብ ከሚባለው ከተማ ወዲያ ቲማቲምና ኪያር የሚያመርት ትልቅ እርሻ አለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኛ መሬቱን ለልጆቻችን ጠብቀን ነው የምናርሰው» ትላለች። እኔ ሻይ እያቀረብኩ እሰማለሁ።

ከቪላው ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ሥር፣ ከአገር ቤት በመጣልኝ ዘር ጥቂት ጎመን አብቅዬ ነበር። የማጠጣው ሩዝና ሰላጣ ባጠብኩበት ውሃ ነው። አንድ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ጎመኔ ከነሥሩ ተነቅሎ ቆሻሻ ላይ ተጥሏል።

«ማዳም፣ ጎመኑ ምን አደረገ?» አልኳት።

«ውሃ ይጨርሳል። ውሃ እንደሌለን አታውቂም?»

መዋኛ ገንዳው የዚያን ዕለት በቦቴ ውሃ ሲሞላ ነበር የዋለው። በልቤ ያዝኩባት። እኔ ቂም ከያዝኩ አለቅም፤ ያሳደገችኝ አክስቴ እንኳ ይህን አመሌን ትፈራው ነበር።

ብርዱ ሲገባ፣ ምርቱን ወደ ውጭ ሊወስዱ የፈለጉ ገዢዎች እርሻውን የሚመዝኑ ሰዎች ላኩ። መሬቱ ሳይደክም፣ ውሃው ሳይነጥፍ ወደፊትም ማምረት ይችል እንደሆነ ሊለኩ ነው። ማዳም እንደ ሌላ ጊዜው ምሳ እንዳበስል ወደ እርሻው ይዛኝ ሄደች።

መኪና ውስጥ «የሚጠይቅሽ ካለ አረብኛ አልችልም በይ» አለችኝ።

«እሺ ማዳም።»

አንዱ መዛኝ አፈር እየቆፈረ በከረጢት ይይዛል። አብራው የመጣችው ሴት ደግሞ የእርሻውን የውሃ ጉድጓድ ቆጣሪ ፎቶ አነሳች። ባልየው ጠብ ጠብ እያለ የሚያጠጣውን ቀጭን ቱቦ እያሳየ ይኩራራል። ሁሉም አምሮላቸዋል።

ከዚያ ሴትዮዋ እጇን ልትታጠብ ወጥ ቤት ገባች። ፎጣ ሰጠኋት።

«አመሰግናለሁ እህቴ። ይህ ውሃ ይጠጣል?» አለችኝ።

«የሚጠጣው የታሸገው ነው» አልኳት በአረብኛ። «ይህ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ካለው ጉድጓድ የሚመጣ ነው።»

«ሌላ ጉድጓድ አለ?»

«ላሳይሽ» አልኩና ቀድሜ ወጣሁ።

ዶሮ ቤቱ ውስጥ አንድም ዶሮ የለም። ከጀርባው ፓምፕ ያጓራል፤ ወፍራም ቱቦ በላስቲክ ተሸፍኖ ወደ ቲማቲሙ ይሄዳል። ቆጣሪ የሚባል የለበትም። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ቱቦውን ነካችው። ማዳም ተረከዘ ረጅም ጫማዋ ጭቃው ውስጥ እየሰጠመ ደረሰች።

«ይቺ አረብኛ አታውቅም፤ የምትለውን አትስሟት» አለች እያለከለከች።

«ማዳም፣ ምሳው ደርሷል። እዚህ ላምጣው ወይስ ቤት ትበላላችሁ?» አልኳት፣ ጥርት ባለ አረብኛ።

ፊቷ ሲለዋወጥ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ገዢዎቹ እርሻውን ሳይቀበሉት ቀሩ። እኔንም ማዳም በማግስቱ ወዳስቀጠረኝ የሠራተኛ አገናኝ ቢሮ፣ ወደ መክተቡ፣ ወስዳ «እባብ ናት» ብላ መለሰችኝ። የመክተቡ ሰው ዴር ግባር የሚባል ሰፈር ካሉ ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት አስገባኝ። የማዳም ጎረቤት ዘንድ የምትሠራ የአገሬ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ባልየው ጥፋቱን በሙሉ በእሷ ላይ ጥሎ አኩርፏታል፤ እንግዳም መጥራት ትታለች። ይቺው ጓደኛዬ በተገናኘን ቁጥር ይቅር በያት ትለኛለች። እኔ ግን ያቺን ፊት ባስታወስኩ ቁጥር እስካሁን ደስ ይለኛል።