የኋላ ወንበር ምንጣፎች

ጓደኞቹ «ቀስ በል» ነበር የሚሉት። ከታክሲ ሹፌር ሁሉ እንደሱ ጉድጓድ የሚያከብር አልነበረም። «ከቀስ በል ጋር ለሰርግ የተሳፈረ ለልጃቸው ልደት ይደርሳል» እያሉ ተራ መጠበቂያው ላይ ይስቁበታል፤ እሱም ሆዱን ይዞ አብሮ ይስቃል። ሚስቱ ግን የምትኮራበት በዚሁ ነበር። «የሌሎቹ ሚስቶች በር በር ሲያዩ ይውላሉ፤ እኔ ባሌ እንደሚገባ አውቄ አርፌ እቀመጣለሁ» ትል ነበር።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችለት። «ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ ቶሎ ና» ከማለት ሌላ አልተናገረችም። የጫናቸውን ሰዎች መንገድ ላይ ለምኖ አወረደና ወደ ቤት ከነፈ። ደጃፉ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ አገኛት፤ ፊቷ ኖራ መስሏል። ተሸክሞ የኋላ ወንበር ላይ አጋደማትና እናቷ ወደ ሆስፒታል እንዲመጡ ደወለላቸው።

መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሮ እንደነገሩ የተደፈነ ነው። መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ሚስቱ ትጮኻለች።

«በእናትህ ቀስ በል!» አለችው።

ቀስ አለ። ትንሽ ቆይታ ዝም ስትል ሕመሙ ፋታ የሰጣት መሰለው። እንዲያውም ደስ ብሎት «አይዞሽ፣ ደርሰናል» አላት። ሆስፒታሉ በር ላይ ዞሮ ሲያያት እጇ ከወንበሩ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል።

እናትም ልጅም አልተረፉም። ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ…» አለና ቀሪውን ዋጠው። አማቱ ያቺን ግማሽ ንግግር ቆመው ሰሟት፤ እንደ እሾህ ሆዳቸው ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ እያለ፣ «ልጄን እንደ እንቁላል ጭኖ ሲንፏቀቅ ገደላት» ይላሉ። እሱ አንገቱን ይደፋል። ቀስ በል ያለችው ራሷ መሆኗን መናገር ጥፋቱን በሟች ማላከክ መሰለው።

ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሲበተን አማቱ የልጃቸውን ልብስ ለመሰብሰብ ጥቂት ቀን ሰነበቱ። መኪናዋ መስኮቷ እንደተዘጋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። አንድ ጠዋት የመኪናዋ ባለቤት ደወለ። «ሐዘንህ ሐዘኔ ነው ወንድሜ። ግን ወይ አንተ አንቀሳቅሳት፣ ወይ ለሌላ ልስጣት» አለው።

በሩን ሲከፍት ሽታው አንገዳገደው። የፊቶቹ ምንጣፎች አቧራ ብቻ ናቸው። የኋላዎቹ ግን ጸጉራቸው ተጣብቆ እንደ ቁርበት ደርቀዋል። መኪና እጥበት ቢወስዳቸው አጣቢዎቹ «ምን ፈሶበት ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ራሱ አወጣቸውና ከአጥሩ ጋር እያጋጨ አራገፋቸው። ከአቧራው ጋር የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ወደቀ፤ እርግዝናው ከጀመራት ወዲህ ከብርቱካን ሌላ አፏ አይገባም ነበር። ምንጣፎቹን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ።

«ኧረ ተው!» ሲሉ ጮኹ አማቱ ከበረንዳው። «ደም በፍል ውሃ ይታጠባል? ይበስልና እስከ ወዲያኛው ይቀራላ!»

ከስንት ቀን በኋላ ያናገሩት ይህን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ይዘው ወረዱ፤ ጨው በተኑበት፤ ከዚያ ብሩሹን ከእጁ ነጥቀው ተንበረከኩ። ውሃው እየቀላ ወደ ቦዩ ወረደ። ያን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ምን ነበረበት ብትፈጥን?» አሉት ቀና ሳይሉ።

ከዚያ በላይ መሸከም አቃተው። «እማማ፣ እሷ ነች ያለችኝ።»

«ምን አለችህ?»

«በእናትህ ቀስ በል አለችኝ። መኪናው ሲነጥር ያማት ነበር።»

«ዋሸህ።» ብለው ብሩሹን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በእናትህ አለችህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«አዎ።»

«ወይ ልጄን!» አሉና ሲሚንቶው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። አለቀሱ። ሲበቃቸው ግን የተናገሩት እሱ የጠበቀውን አልነበረም። «ጣር የያዘው ሰው የሚለው ይሰማል? እሷ ብትልህስ፣ አንተ ምን ሆነህ ሰማሃት?»

ውሃ አቀበላቸው፤ እሳቸውም በዱቄት ሳሙና ደጋግመው ፈተጉ። መዳፍ የሚያህል የደም ጥላ ግን አልለቅ አለ። በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ወንድ ልጃቸው ቤት ሄዱ።

የመኪናዋ ባለቤት ስለወተወተው ምንጣፎቹን ከሥራቸው ሳይደርቁ መለሳቸው። ሻገቱ። ተሳፋሪ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ሲከፍት ጊዜ አውጥቶ ጣላቸውና ላስቲክ አነጠፈ። ከዚያ ወዲህ ነው መፍጠን የጀመረው። ቀይ መብራት ይጥሳል፤ ጉድጓዱን ዘሎ ያልፋል፤ ሴቶች «ኧረ አውርደን!» ሲሉ አይሰማም። ተራ መጠበቂያው ላይ መሳቁ ቀረ። በመጨረሻ ዝናብ በሚጥልበት ቀን የድልድይ አጥር ገጨ። ተሳፋሪዎቹን ፈጣሪ አወጣቸው፤ የእሱ ክንድ ተሰበረ።

አማቱ ወሬውን ሰምተው ሆስፒታል መጡ። አልጋው አጠገብ ቆመው አዩት፤ አዩት።

«አንተም ልትሞትብኝ ነው?» አሉት።

«እኔማ ሞቼ ነበር፣ እማማ።»

«ዝም በል። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገው።»

ሲድን ቁልፉን ለመኪናዋ ባለቤት መለሰ። አሁን ጎማ ቤት ተቀጥሮ፣ የማይዘረጋ ክንዱን እያስታመመ ጎማ ይለጥፋል። አማቱ አልፎ አልፎ ምሳ ያመጡለታል። ስለ ልጃቸው አያነሱም፤ እሱም አያነሳም። ሲበላ ቆመው ያዩትና ሰሃኑን ይዘው ይሄዳሉ።