ለሱፐርቫይዘሩ የተዋስኳቸው ልጆች

“አንቺ፣ ተማሪ እንደ ሠርግ ወንበር ይዋሳል እንዴ?” አለችኝ ቲቸር አልማዝ ፊት ለፊቴ። የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ናት። ሳቀችብኝ፤ ግን አዋሰችኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ነው የዘረገፍኩት። እናንተ ስሙኝ እንግዲህ።

አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ የመምህርነት ሥልጠና ላይ ነበርኩ። የማስተማር ልምምድ የደረሰኝ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ ሁለተኛ ክፍል። ሱፐርቫይዘሩ አይቶኝ ካላለፍኩ ሰርተፍኬት የለም፤ ሰርተፍኬት ከሌለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቼ ሱሪ መስፋት ነው። ልጆቼ ደግሞ፣ አቦ ምን ልበላችሁ፣ በአማርኛ ስጠይቅ ግማሾቹ በሶማሊኛ ይመልሳሉ፣ ግማሾቹ በኦሮምኛ፣ የቀሩት ይስቃሉ። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣ ቀን ጎበዞቹን ከቲቸር አልማዝ ተዋስኩና ማንበብ ያቃታቸውን የራሴን ልጆች ዛፍ አጠጡ ብዬ ላክኋቸው። በዚያ የድሬ ፀሐይ! የሙያ ሥነ ምግባር ፈተና ላይ “መምህር ሁሉንም ተማሪ በእኩል ዓይን ያያል” ብዬ የጻፍኩት ማን ነበር? እኔ። ሙሉ ማርክ ያገኘሁትስ? እኔው።

ትምህርቱ አማረ። የውሰት ልጆቹ ጥያቄዬ ሳያልቅ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ ላቡን እየጠረገ ፈገግ ይላል። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና መጨረሻ ወንበር ላይ የምትቀመጠዋ ልጄ፣ እግሯ ጭቃ፣ ባዶ ሃይላንድ ይዛ ገባች። ውሃው አልቋል አለች። ከዚያም ወንበሯ ላይ የተቀመጠውን የውሰት ልጅ፣ ቦታዬ ነው ተነስ አለችው።

“ተማሪሽ ናት?” አለኝ ሱፐርቫይዘሩ።

“አይደለችም፤ አላውቃትም” አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። “ናት” ብል ምላሴ ይሰበር ነበር? ሙቀቱ አላስባለኝም፣ ድንጋጤውም አላስባለኝም። እያየችኝ፣ እያየኋት አልኩት። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር ጎትታ ወጣች። የማላውቃት ልጅ ቦርሳ እኔ ክፍል ምን ይሠራል ብሎ ሱፐርቫይዘሩ አልጠየቀም፤ ጫት የሚቅምበት የበርጫ ሰዓቱ ደርሶበታል። አለፍኩ። ያውም በጥሩ ውጤት።

በማግስቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀረች። ከዚያ ወዲያም አልመጣችም። ቅዳሜ ብስኩት ገዛሁና፣ መጨረሻ ወንበር የምትቀመጠዋ ልጅ ቤት የት ነው እያልኩ ልጆች ጠይቄ ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። እናትየዋ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

“ወላሂ ልጄ፣ አልሄድም ብላ አስቸገረችኝ” አለች። “ቲቸር አታውቀኝም ትላለች። ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?”

ያኔ መናዘዝ እችል ነበር። እኔ ግን፣ እንዴት አላውቃትም፣ የገዛ ተማሪዬን፣ ልጅ ናት ተሳስታ ነው አልኩ። ሁለተኛ ካድኳት ማለት ነው። ጭራሽ ጓዳው በር ላይ ቆማ የምታየኝን ልጅ እቅፍ አደረግኳት።

ከእጄ ሹልክ ብላ ወጣችና እናቷ ጎን ቆመች።

“እሺ፣ በስሜ ጥሪኝና ሰኞ እመጣለሁ” አለችኝ።

እናትየዋ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። መጋላ ውስጥ ብዙ ልጅ የሚጠራበትን ስም ፈለግሁ።

“ሐናን” አልኩ።

እናትየዋ ልጇን አየች፣ ከዚያ እኔን።

“ሐናን የጎረቤት ልጅ ናት” አለች ቀስ ብላ።

ብስኩቱን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ፤ በር ላይ ጫማዬን አደረግሁና ወጣሁ።