ለአሰልጣኙ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለቤቴ ስለ አሜሪካ ፉትቦል የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሰልጣኙ ቤታችን በልቷል። ለእሷ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ከእሷ ትንሽ እሻላለሁ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ የሚመላለስ ሚኒባስ ስለምነዳ፣ ከኋላዬ የሚቀመጡት ሰዎች ስለዚህ ጨዋታ ያላስተማሩኝ ነገር የለም። የዓለምን ግማሽ አሳፍሬያለሁ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ዋናው አስተማሪዬ ግን ልጄ ነው። ሰው ሁሉ ኳሷን ታቅፎ በሚሮጥበት በዚህ እግር ኳስ፣ በእግሩ የሚጫወተው የእኔ ልጅ ብቻ ነው። ኪከር ይሉታል። ጓደኞቹ ገፍተው ገፍተው አልሆን ሲላቸው እሱ ይጠራል፤ እንደ አዋላጅ። ይገባል፣ ኳሷን በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሃል ይለጋታል፣ ልብሱ እንኳ ሳይቆሽሽ ይወጣል። እናቱ ይህን የመጨረሻውን በጣም ትወድለታለች።

ልጁ ሃይስኩል ሊጨርስ ሲል ነው አሰልጣኙ ቬጋስ ውስጥ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን የመጣው። እዚሁ ያለው ኮሌጅ ልጁን በነጻ ሊያስተምረው፣ ልጁም ለኮሌጁ ሊለጋ፤ ጉዳዩ ይኸው ነበር። ሰውዬው ሲገባ አንዱ ትከሻው ሳሎን፣ አንዱ ትከሻው ኩሽና ደረሰ። ባለቤቴ ከሆቴል ሥራዋ ሺፍት ቀይራ ጠረጴዛውን ሞልታዋለች። እሱ ሰላጣ መስሎት ከስንጉ ቃሪያ አንዱን አነሳና ሙሉውን ጎረሰ። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጨዋ ሰው ስለሆነ አልተፋውም። እንባው በጉንጩ እየወረደ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «ልጅዎን እንደ ራሴ ልጅ ነው የማየው» አላት። እኔ ተረጎምኩ። ባለቤቴ ልጇን ወዶ ነው ያለቀሰው ብላ አመነች፤ እኔም አላረምኳትም። ተነስታ አጎረሰችው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ዘመድ ሆነ።

ችግሩ ዘመዳችን ማሸነፍ አልሆነለትም። የመጀመሪያውን ሲዝን አዲስ ነው ተብሎ ታለፈ። ሁለተኛው ላይ ጉዳት በዛበት ተባለ። ሦስተኛው ሲመጣ ምክንያት አለቀ። ተሳፋሪዎቼ ሻንጣቸውን ሳይጭኑ፣ ይህ ሰው መቼ ነው የሚባረረው ይሉኝ ጀመር። ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓት፣ በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሹፌሮች በዚህ ተስማሙ። እኔ ደግሞ ሁሉም የተስማማበት ነገር ያሳክከኛል፤ ስለዚህ ጠበቃው ሆንኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ እሱን ስለምትደግፍ ዐቃቤ ሕግ ሆንኩ። ክርክር ካጣሁ ራሴን ያመኛል።

በእውነቱ ሁለቱም ወገን የሚለው ነበረው። ሰውዬው ጨዋታ ማንበብ ላይ ደካማ ነው። መሮጥ ሲገባቸው ያስወረውራቸዋል፣ መወርወር ሲገባቸው ያስሮጣቸዋል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሁሉ የሚያየውን እሱ አያይም። በሌላ በኩል፣ ሲረከበው ቡድኑ ሞተሩ የወጣለት መኪና ነበር። ልጆቹ ክፍል አይገቡም፤ እሱ ከመጣ በኋላ መግባት ጀመሩ። ግን ክፍል ገባችሁ ብሎ በስታዲየም ነጥብ የሚሰጥ የለም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ በትንሽ ነጥብ እየተመራን ነው፤ ነፋሱ አሸዋ ያነሳል። አሰልጣኙ ልጄን ላከው። ከዚያ ርቀት መለጋት ማለት ከእኛ በር ቆሞ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ኢንስፒራዳ ሰፈር ያለ ሰው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። ኳሷ በደንብ ሄደች፤ መጨረሻ ላይ ነፋሱ ክንዷን ይዞ ወሰዳት። ስታዲየሙ በሙሉ በልጄ ላይ ጮኸ። ባለቤቴ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጣለች።

ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞቹ ማይክ ሲደቅኑበት አሰልጣኙ፣ ከዚያ ርቀት ልጁን የላክሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፣ እሱን ተዉት አለ። ተዉት፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ አሰልጣኙ ዞሩ።

ልጄ በዚያ ሳምንት እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ዳዲ፣ እሱን ፋየር ካደረጉ እኔም ትራንስፈር አደርጋለሁ። ሌላ ስቴት እሄዳለሁ።»

ባለቤቴ ጭልፋውን ይዛ ቆመች። የትኛው ስቴት ነው፣ በረዶ አለ ወይ፣ ማን ያበላሃል ብላ ጠየቀችው። ልጁ ገና አላውቅም አለ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በቤታችን የአሰልጣኙ ነገር የጨዋታ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። አንድ ልጅ ነው ያለን። እኔም ብሆን ውጭ ሳፌዝ ውዬ ስገባ በር ላይ የዚያን ልጅ ትልልቅ ጫማ ካላየሁ፣ ቤት የተሳሳትኩ ይመስለኛል።

ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን መፍትሔውን ተናገረች። ሽማግሌ ይላክ።

ለማን ስላት ለአለቃው አለች። የተጣላ ባልና ሚስት በሽማግሌ ይታረቃል፤ ልጅ በሽማግሌ ይጠየቃል፤ ሰው ከሥራው ሊባረር ሲል ዘመዶቹ ዝም ብለው የሚያዩበት አገር የት ነው ብላ ሞገተችኝ። እኔ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ስልክ ደውላ ጨርሳ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በካዚኖ ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ቬጋስ ውስጥ ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች ቢሰለፉ ካዚኖዎቹ ከተደረደሩበት ጎዳና፣ ከስትሪፑ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳሉ። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ናቸው። ባለጉዳይ ሽማግሌ መሆን ስለማይችል እኔ ሹፌርም አስተርጓሚም ተደረግሁ። ኮሌጁ ጋ ስደውል የማኅበረሰባችን ታላላቅ ሰዎች የስፖርት ኃላፊውን ማነጋገር ይፈልጋሉ አልኩ። ቀጠሮው በአስገራሚ ፍጥነት ተሰጠን። ለቡድኑ ሊለግሱ የመጡ ቱጃሮች መስለናቸው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

መንገድ ላይ ፓስተሩ ጸሎት ጀመሩ። ሲጀምሩ ገና ሰፈራችን ቀይ መብራት ላይ ነበርን፤ አሜን ሲሉ ኮሌጁ በር ላይ ፓርክ አድርጌያለሁ። እኔ ብቻ ዓይኔን ገልጬ ነው የጸለይኩት፣ ለሁሉም ደህንነት።

የስፖርት ኃላፊው ጥርሱ ነጭ፣ ትሁት ሰው ነው። እንድንቀመጥ ወንበር አሳየን። ጋሼ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ደንቡ ነው። ተረጎምኩ። ሰውዬው ብቻውን ለመቀመጥ አፍሮ ተነሳ። በዚያ ሁሉ የቆዳ ወንበር መሃል አራታችንም ቆመን ቀረን፣ ሊፍት እንደሚጠብቅ ሰው።

ጋሼ ስለ አሰልጣኙ ጠባይ፣ ክፍል መግባት ስለጀመሩት ልጆች፣ ስለዚያ ቅዳሜ ተናገሩ። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። እሱም የራሱን ተናገረ፤ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ስታዲየሙ ባዶ እየሆነ ነው፣ ደጋፊው ተማሯል። ከዚያ ጋሼ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ይህን ሰው ለዚህ ሥራ የመረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኃላፊው።

«እንግዲያው የተሸነፋችሁት ሁለት ናችሁ። አንዱን ብቻ ማሰናበት ግማሽ ፍርድ ነው።»

ይህችን ስተረጉም ከፊት ለፊቷ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የምትል ጨመርኩባት። ሰውዬው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን ተወና መስኮቱን አየ። በመጨረሻ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን፣ በጥልቅ እናስብበታለን ብሎ ለእያንዳንዳችን የቡድኑ አርማ ያለበት ቆብ ሰጠን።

አሜሪካ ውስጥ በጥልቅ እናስብበታለን ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደመወዝ እንዲጨመርልኝ በጠየቅሁ ቁጥር ያስቡበታል። ጋሼ ግን ቆባቸውን በሱፍ ልብሳቸው ላይ ደፍተው መኪና ውስጥ ደስተኛ ነበሩ። መጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የልጅ አባት የለም፤ ሁለተኛ ስንሄድ ይለሳለሳል፣ ሦስተኛው ላይ ያስቀምጠናል አሉ። ቆቡም በጣም አምሮባቸው ስለነበር እውነቱን ለመንገር አልጨከንኩም።

ለሁለተኛው ጉዞ ሳንነሳ ሰውዬው ተባረረ። ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ ስልኬ ላይ አየሁት። አንድ ከኋላ የተቀመጠ ሰው በመጨረሻ ገላገሉን አለ። ጠበቃ ነበርኩ አይደል፤ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ራዲዮኑን ከፍቼ ነዳሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሰምታለች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ አንድ ጆንያ ሙሉ። በማግስቱ ድስቱን ጭነን፣ ሁለቱን ሽማግሌዎችና ልጃችንን ይዘን ኢንስፒራዳ ወደሚገኘው የአሰልጣኙ ቤት ሄድን። እዚያ ሰፈር ቤቶቹ ሁሉ መንትያ ስለሆኑ ሦስት በር በስህተት አንኳኳን። ትክክለኛውን ስናገኝ በቁምጣ ወጣ፤ ከኋላው ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ገብተን ልቅሶ ቤት እንደሚቀመጠው በዝምታ ተደርድረን ተቀመጥን። ሰውዬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያይ ቆየና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ማን ሞተ?»

«እስካሁን አንተ ብቻ ነህ» አልኩት።

ሳቁ ካርቶኖቹን አንቀጠቀጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው መብላት የተጀመረው። ባለቤቴ አጎረሰችው፤ ደገመችለት። እጇን ሳትታጠብ፣ እኔን እንድተረጉም በአገጯ ጠቆመችኝና ተናገረች።

«ልጄን አደራ ብዬሃለሁ። አሁን አንተን አባረሩ ብሎ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ምን ትለኛለህ?»

አሰልጣኙ ይህን አያውቅም ነበር። ወደ ልጁ ዞረ። ልጄ መሬት መሬት ያያል። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ለእኔ ጊዜ አልሰጡም ብለህ ነው የተናደድከው። በእኔ ቦታ የሚመጣውን ሰው ግን አንተ አንድ ቀን ልምምድ እንኳ ሳትሰጠው ልታባርረው ነው።»

ጋሼ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ወንበራቸውን ወደ ልጁ አስጠጉ። አንድ ሲዝን ስጠው፣ ካልሆነ ያን ጊዜ እኛው ራሳችን መጥተን እንሸኝሃለን አሉት። ልጁ እናቱን አየ፣ አሰልጣኙን አየ።

«ኦኬ» አለ። «አንድ ሲዝን።»

ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሽማግሌ ተልኮ ባዶ እጁን አይመለስም አሉ፤ እኔ ይህችን መተርጎም አላስፈለገኝም።

ለሰውዬው ተጨማሪ ጊዜ ይገባው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ተሳፋሪ አሁንም አለ። አንድ ዓመት ቢጨመርለት ያንኑ ያህል ይሸነፍ ነበር እላለሁ፤ ቢሆንም ይጨመርለት ነበር እላለሁ። ሁለቱንም አምናለሁ። መንገዱ አጭር ስለሆነ ማንም እስከ መጨረሻው ተከራክሮኝ አያውቅም።

ልንነሳ ስንል ባለቤቴ ከሰሃኑ አንድ ስንግ ቃሪያ አንስታ ለአሰልጣኙ ዘረጋችለት። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ሽጉጥ እንደተደገነበት ሰው። መጀመሪያ ቤታችሁ የመጣሁ ቀን ሊገድለኝ ነበር ብሎ በምልክት ዓይኑንና ጉሮሮውን አሳያት። ባለቤቴ ቃሪያውን አየች። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ፍሪዌይ እስክንገባ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ነበር። ከኋላ ልጁ ስልኩን ይጎረጉራል፣ ሽማግሌዎቹ ያንቀላፋሉ። ተቆጥታለች ብዬ ራዲዮኑን ልከፍት ስል ድምፅዋን ሰማሁ።

«አዲሱ አሰልጣኝ ቤታችን የሚገባ ቀን፣ ከበፊቱ የሚያቃጥል ቃሪያ ፈልገህ ታመጣልኛለህ።»