መጀመሪያ እህል ቅመስ

ደብረ ማርቆስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

በሚያዝያ ወር በአንዱ ዓርብ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቄ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው ወደ ሽንዲ ነው፤ ያሳደጉኝን አጎቴን አያ ምንይችልን ልጠይቅ። ሰኞ ዕለት ልጃቸው ወርቅነሽ ደውላ፣ «አባባን ትንሽ አመም አድርጓቸዋል፤ ብቅ በል» ብላኝ ነበር። ሐሙስ ፈተና እንዳለብኝ ስነግራት «እሺ፣ ተፈትነህ ና» አለች።

አንድ ነገር ከብዶኛል። በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት እመጣለሁ ብያቸው ሳልሄድ ቀርቻለሁ። «መንገዱ ሳይጨቀይ ና» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ከጓደኞቼ ጋር ጢስ ዓባይ ሄድኩ። አሁን ደርሼ ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው። ደብተርም ይዣለሁ፤ ለክፍላችን የጽሑፍ ሰሌዳ ስለ በጋ ጉዞ ደስታ ልጽፍ ቃል ገብቻለሁና።

ደስታው በእርግጥ ነበረ። በክረምት የሚያዳልጠው የመንገድ ዳር ደርቆ ነጭ ሆኗል። እርሻው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ጅጋ ስንደርስ ከገጠር በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች ከሱቆቹ ጥላ ሥር ተደርድረው ዱላቸውን ተደግፈው ያርፋሉ። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሯል።

ፍኖተ ሰላም፣ 4 ሰዓት

አንዲት ማንጎ ሻጭ እስከ መኪናው መስኮት መጣች።

«ማር ነው የኔ ጌታ፣ ውሰድ!»

«ለታመመ ሰው ነው፤ የበሰለውን ምረጪልኝ።»

«ሩቅ ከሆነ ጠንከር ያለውን ያዝ። እስክትደርስ ይበስልልሃል።»

ኪሎውን በሰማንያ ብር ሁለት ኪሎ ያዝኩ።

ቡሬ፣ 6 ሰዓት

ከመኪናው ስወርድ ጋሽ ሰይድ ስሜን ጠሩ። ሽንዲ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከእኛ ቤት ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ዕቃ ሊጭኑ መምጣታቸውን ነገሩኝ።

«አንተ ዶክተር! ከሳህ እኮ። ግቢው የሚያስጠናችሁ ሽሮ ብቻ ነው እንዴ?»

«ገና አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ዶክተር ከአንደኛ ዓመቱ ነው የሚከሳው። ና፣ መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

«አያ እንዴት ሆኑልኝ? አይተዋቸዋል?»

«መኪናው ገና አልሞላም» አሉኝ። ጥያቄዬን ያልሰሙ መሰለኝ።

የወሰዱኝ እሳቸው ከማይበሉበት የክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው። ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ውስጥ ስለነበርን ዓርብም ቢሆን ይበላል። ለእኔ ጥብስ አዘው፣ ለራሳቸው ሻይ እንኳን ሳይጠይቁ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እጄን ባነሣሁ ቁጥር «ይቺን፣ ይቺን ብቻ» ይላሉ። የሁለት ሰው ምግብ በላሁ። ደብተሬን አውጥቼ፣ «የበጋ ጉዞ ትልቁ ደስታ የሰው ቸርነት ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ወደ ሽንዲ የሚሄደው መኪና ሲነሣ ጋሽ ሰይድ አንድም ጥቅል ጨርቅ አልጫኑም። የያዙት የእኔን ማንጎ ብቻ ነው። ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ ዞረው አዩኝ።

«ይሄ የምንይችል ልጅ አይደለም? ውይ፣ እኒያ ደግ ሰው...»

«እታለም፣ መስኮቱን ዝጊልን፤ አቧራው ገባ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሴትዮዋ ዘጉት። መኪናው ውስጥ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ግን ክፈቱልን ያለ ሰው አልነበረም። «ደግ ሰው» በሕይወት ላለም ይባላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሽንዲ

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ጋሽ ሰይድ፣ «አያ ተኝተዋል፤ ዛሬ ከእኛ ቤት እደር፣ ጠዋት ታያቸዋለህ» አሉኝ። የአያ ቤት ከእሳቸው መኖሪያ ሃያ እርምጃ ነው። አልተከራከርኩም። ብከራከር የሚሉኝን ፈርቼ ይመስለኛል። እራት ቀረበ፤ እንደገና ብላ ተባልኩ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል። ወርቅነሽ ከፊት ናት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ የሚረዳው ሰውም አስቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ አይበላምና። ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በእኔ ላይ ሲደረግ ግን ቸርነት ብዬ ጻፍኩት።

አያ የተቀበሩት እሑድ ነው። ሰኞ ስትደውልልኝ «አመም አድርጓቸዋል» ያለችው ከተቀበሩ በኋላ ነበር።

ልቅሶው ሲበርድ፣ በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሳልመጣ ስቀር አያ ምን እንዳሉ ወርቅነሽን ጠየቅኳት። ባትነግረኝ ደስ ባላት።

«ሦስት ቀን መናኸሪያ ወጥተው ጠበቁህ። በአራተኛው ቀን ‹መንገድ ተዘግቶበት ነው፣ ልጄን አትውቀሱት› አሉን።»

መንገዱ ክፍት ነበር። እኔ በዚያ ሳምንት ጢስ ዓባይ ቆሜ በበጋ የቀጠነ ውኃ ፎቶ አነሣ ነበር። ጭሱ እንኳን አልነበረም።

ማንጎው ልቅሶ ቤት ውስጥ በሰለ። ሊያስተዛዝኑ ለመጡ ሰዎች ልጆች ተቆርጦ ተሰጠ።

መልስ

ማክሰኞ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነበር። ለክፍላችን ቃል የገባሁት ጽሑፍ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም። የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ መንገዱ ሳይጨቀይ ና ያለ ሰው እሱም እንደ መንገዱ የሚቆየው እስከ ወቅቱ ብቻ መሆኑን ነው።

ቡሬ ላይ መኪና እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ሥጋ ቤቱ ከፊቴ ነው። የሚያውቁኝ የሽንዲ ሰዎች ሰላም እያሉኝ አለፉ። አንድም ሰው እህል ቅመስ አላለኝም። ከዚህ በኋላ የሚነገረኝ ነገር አልነበረም።